ባሌ ተራሮች ሁለቴ ሄድን፣ የመጀመሪያው ጉዞ የቤት ኪራዬን ጨርሶብኝ ነበር

ይሄን የምጽፈው ከጓደኞቻችሁ ጋር "ኧረ አንድ ቦታ እንሂድ" እየተባባላችሁ ለከረማችሁ ነው፣ በተለይ ደግሞ በየግሩፑ ማስተባበሩ ሁሌ በናንተ ላይ ለሚወድቅባችሁ። እኔ ከነሱ አንዷ ነኝ። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ በ2014 ክረምትና በ2016 ጥር ላይ። የመጀመሪያው ዕዳ ውስጥ ከቶኝ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር አኳርፎኝ ነበር፣ ሁለተኛው ግን እስካሁን ስናወራው ደስ ይለናል። ቦታው ያው ነው፣ ተራራው ያው ነው፣ የተለየው አዘገጃጀታችን ብቻ ነው።

በ2014 ሰኔ ላይ በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ "ነሐሴ ላይ ባሌ እንሂድ፣ ማነው የሚመጣ?" ብዬ ጻፍኩ። ነሐሴን የመረጥነው አስተማሪ የሆኑት ጓደኞቻችን እረፍት ላይ ስለሚሆኑ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ 18 ሰው "አለሁ" አለ፣ "እኔን እንዳትረሺኝ" ያለም ነበር። እኔም አስራ ስምንት ሰው ብዬ አምኜ ኮስተር ተከራየሁ፣ ቀብዱን ከራሴ ከፈልኩ፣ ለሦስት ወር የቤት ኪራይ ብዬ ካስቀመጥኩት ላይ። ብር አስቀድሜ ሰብስቤ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ነገሩ ይገባኝ ነበር፣ ግን ጓደኞቼን ብር መጠየቅ ከበደኝ፣ "መኪና ውስጥ እንሰበስባለን" አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል መገናኛ ቆመን ስንጠብቅ ስልክ መደወል ጀመረ። አንዷ ልጇ አሞታል፣ አንዱ ሥራ ተጠርቷል፣ አንዳንዱ ስልኩንም አላነሳም። እስከ 2 ሰዓት ጠብቀን ዘጠኝ ሰው ሆነን ተነሳን። የኮስተሩ የአራት ቀን ኪራይና ናፍጣ አንድ ላይ ወደ 34 ሺህ ብር ነበር፣ ለአስራ ስምንት ሲካፈል ማንንም አይከብድም። ለዘጠኝ ሲሆን ግን እጥፍ ነው፣ የመጡትን ደግሞ "ጨምሩ" ማለት አልቻልኩም፣ ምን አጠፉና? ስለዚ 17 ሺው እኔ ላይ ወደቀ። አሁን ዋጋው ሁሉ ስለተለወጠ ብሩን አትዩት፣ ዋናው ነገር ግማሹ ሰው ሲቀር የመኪናው ዋጋ ግማሽ አለመሆኑ ነው።

ዘግይተን በመነሳታችን የደረሰብን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ አድርጋችሁ ዶዶላና አዳባን አልፋችሁ ነው የምትደርሱት። ዶዶላን ስናልፍ ጀንበር ጠለቀች፣ ከዛ በኋላ ዝናብና ጉም፣ ሹፌራችን የመኪናውን አፍንጫ እንኳ እያየ አልነበረም። ዲንሾ ስንገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አልጋ ደግሞ በስልክ "አለ" ተባልን እንጂ ዋጋ አልተነጋገርንም ነበር፣ በዚያ ሰዓት በዝናብ የመጣ እንግዳ ደግሞ የተባለውን ይከፍላል እንጂ አይከራከርም። ከፈልን።

በማግስቱ የሠራነውን ስህተት ነው እንዳትደግሙት የምፈልገው። ጠዋት ተነስተን፣ ሰው እንኳን በደንብ ሳይተኛ፣ በቀጥታ ወደ ሳነቴ ወጣን። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ 4,377 ሜትር፣ መኪና ጫፉ ድረስ የሚያወጣ መንገድ ስላለው ሁሉም "እንውጣ እንውጣ" አለ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ ከአስር ሜትር ወዲያ ምንም አይታይም፣ እኛ ግን ወጣን፣ ፎቶ ተነሳን። ስንወርድ አንዷ ጓደኛችን ራሷን ያዘች። መጀመሪያ "መኪናው ነው" አለች፣ ቀጥሎ አስመለሳት፣ ከዛ ስናናግራት መልሷ ዝግ እያለ መጣ። እኛ ሻይ እናፍላ፣ ትተኛ፣ እንጠብቅ እያልን ስንከራከር በዛ መስመር ለዓመታት የሠራው ሹፌራችን "ልጆች፣ ይሄ የከፍታው ነው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው" ብሎ መኪናውን አስነሳ። የቀረበን መውረጃ ወደ ሐረና ጫካ የሚወስደው ነበር፣ ከሜዳው ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ በአንዴ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሪራ የምትባለው መንደር ስንደርስ ልጅቷ ቀና ብላ ውሃ ጠየቀች። እኔ በሕይወቴ እንደዛን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚ እባካችሁ ይሄን ያዙልኝ። እኛ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆንን "ከፍታ ለምደናል" እንላለን፣ ለ4,000 ግን አልለመድንም። የመጀመሪያውን ቀን ከፍ ወዳለው ቦታ አትውጡ። ቢቻል ሁለት ሌሊት ጎባ ወይ ሮቤ እደሩ፣ ሁለቱም ከዲንሾ ዝቅ ያሉ ናቸው። ዋዜማውን መጠጥ ይቅር፣ ውሃ ይብዛ፣ አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ተጨማሪ ሽቅብ አይውጣ። ካስመለሰው ወይ ከተንገዳገደ ወይ ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው ይውረድ፣ "ትንሽ እንየው" የሚባል ነገር የለም፣ ጉዞው ቢበላሽም ይበላሽ።

ከጉዞው ስመለስ ተናድጄ ነበር። ከቀሩት ውስጥ አንዱ አብሮ አደጌ ነው፣ ስልኩን ያላነሳው እሱ ነበር። ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም፣ ከዛ ቤቱ ሄጄ የሆዴን ሁሉ ተናገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ "ስሚ፣ ብር አልነበረኝም። ሁሉም አለሁ ሲል የለኝም ማለት አፈርኩ፣ እስከዛ አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ ጠዋት ስትደውዪ ምን ልበልሽ?" አለኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። በኋላ ቀስ እያልኩ ሌሎቹንም ስጠይቅ ካልመጡት ዘጠኝ ሰዎች አምስቱ ያው ነው ችግራቸው። ልጅ የታመመበት፣ ሥራ የተጠራ ምናምን የተባለው አብዛኛው ይሉኝታ ነበር። እኔም ብር አምጡ ማለት ይሉኝታ ያዘኝ፣ እነሱም የለንም ማለት ይሉኝታ ያዛቸው፣ በመሀል 17 ሺህ ብርና የአንድ ዓመት ኩርፊያ።

ከዛ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ጉዞ ያነሳ ሰው አልነበረም። በ2015 ግንቦት አንዷ ጓደኛችን ቤት ቡና ስንጠጣ ነው ወሬው ተመልሶ የመጣው፣ ያኔ የታመመችው ልጅ ራሷ ናት "ሳነቴን በጉም ብቻ አይቼማ አልቀርም" ያለችው። እኔም በአንድ ነገር ከተስማማችሁ አስተባብራለሁ አልኩ። ወረቀት ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ሰጠሁ፣ ስም ሳትጽፉ ለዚህ ጉዞ ቢበዛ ስንት ማውጣት እንደምትችሉ እውነቱን ጻፉ፣ ኮፍያ ውስጥ ክተቱ። አስራ ሁለት ወረቀት። ትልቁ 10 ሺህ ይላል፣ ትንሹ 4 ሺህ። አማካዩን ሳይሆን ትንሹን ወሰድን፣ ጉዞው በ4 ሺህ ብር ከተቻለ እንሄዳለን፣ ካልተቻለ ቀን እንቀንሳለን ወይ ቦታ እንቀይራለን ብለን። 4 ሺህ ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይቺን የወረቀቷን ነገር ውሰዱ።

ቀጥሎ እንደ ዕቁብ አደረግነው፣ ዕጣ የሌለው ዕቁብ በሉት። ከሰኔ እስከ ጥር ስምንት ወር፣ በየወሩ 500 ብር በቴሌብር። ብሩን የሚይዘው አንድ ሰው፣ መዝገቡን የሚይዘው ሌላ ሰው፣ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ብሩን እኔ አልያዝኩም፣ ሆን ብዬ ነው፣ ማስተባበሩንም ብሩንም አንድ ሰው ከያዘው ይደክማል፣ ትንሽ ነገር ስትጎድል ደግሞ ሐሜት ይመጣል። የሚቀር ሰው ካለ ምን ይሆናል የሚለውን ከመጀመሪያው ተነጋገርን፤ ከጉዞው ወር በፊት ከቀረ ሙሉውን ይወስዳል፣ በመጨረሻው ወር ከቀረ ግን ወይ ምትክ ሰው ያመጣል ወይ የመኪና ድርሻው ይቀራል። አንዲት ልጅ ታኅሣሥ ላይ ሥራ ቀይራ ፈቃድ አጣች፣ እህቷን ተካች፣ ማንም አልተቀየመም። አብሮ አደጌ ደግሞ መዝገብ ያዡ እሱ ነበር።

ስለ ወራቱ ደግሞ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሆነን ስናስብ ዝናብ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይመስለናል፣ ባሌ ግን ከበልጉ ጀምሮ ይዘንባል፣ እስከ ጥቅምትም ሊቆይ ይችላል። ጥሩው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፣ ሰማዩ ይጠራል። ነገር ግን ሰማይ ሲጠራ ሌሊቱ የባሰ ይቀዘቅዛል፣ ሳነቴ ላይ ጠዋት ውርጩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። "በጋ ነው" ብላችሁ በሸራ ጫማ እንዳትመጡ። ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ሁለት ካልሲ፣ ያላችሁን ወፍራም ጃኬት። ለዚህ ብላችሁ አዲስ ልብስ አትግዙ፣ ጋቢ ከየትኛውም ጃኬት አያንስም። ፀሐዩ ደግሞ ሳይሞቃችሁ ፊታችሁን ያቃጥለዋል፣ ቅባት ያዙ።

የሄድነው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ፓርኩ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበ በአራተኛው ወር። ለአስራ ሁለት ሰው ኮስተር አያስፈልግም፣ ሃይሩፍ ሚኒባስ በቃን። ከሰበሰብነው 48 ሺህ ውስጥ 27 ሺህ አካባቢ የሄደው ለመኪናና ለናፍጣ ነው፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ስለዚ ዋጋ መቀነስ ከፈለጋችሁ ትግላችሁ እዛ ላይ ይሁን እንጂ ምሳ ላይ አይሁን። መኪና ስትዋዋሉ የሹፌሩ አበልና አልጋ በማን ነው፣ ናፍጣ በማን ነው፣ ሳነቴ ድረስ ይወጣል ወይ፣ እነዚህን በወረቀት ጻፉ። ቱሉ ዲምቱን አልወጣም የሚል ሹፌር አለ፣ መብቱ ነው፣ ግን እዛ ደርሶ ሳይሆን ቀድሞ ይንገራችሁ። ናፍጣ አሰላ ወይ ዶዶላ ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ጎባ ስትደርሱ ላይኖር ይችላል።

መንገዱን በተመለከተ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ ደውሉ። እኛ ለፓርኩ ቢሮ፣ አልጋ ለያዝንበት ቤትና በዛ መስመር ለሚሠራ አንድ ሹፌር ደወልን፣ ሦስቱም "ሰላም ነው" ካሉን በኋላ ነው የተነሳነው። አንዱ እንኳ ቢያመነታ እንቀራለን ብለን ተስማምተን ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስተን፣ ቁርስ አሰላ በልተን (እርጎና ጭኮ፣ ጭኮውን ለመንገድም ያዝን፣ ቶሎ አይበላሽም ያጠግባልም)፣ በቆጂን የነደራርቱንና የነቀነኒሳን አገር አልፈን፣ ዶዶላ ላይ ጎማ ተበሳብን፣ ጎሚስታ ጋ አንድ ሰዓት አጠፋን፣ ግን ቀን ስለነበር ምንም አልመሰለንም። ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሆን ጎባ ገባን።

አልጋ የያዝነው ፔንሲዮን ነው፣ ለሁለት ለሁለት። በስልክ ስትይዙ "ሙቅ ውሃ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌ "አለ" ነው። "ዛሬ ጠዋት ነበር?" በሉ። ብርድ ልብስ ስንት ስንት እንደሚሰጡም ጠይቁ። እኛ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የምትናገር ልጅ ነበረች፣ ስልኩን ሁሉ እሷ ናት የደወለችው፣ እዛም ስንደርስ እንደ ዘመድ ነው የተቀበሉን። ከናንተ መሀል ቋንቋውን የሚችል ካለ የዋጋውንም የወዳጅነቱንም ነገር ለሱ ስጡት።

ምግብ ላይ ብዙ ግሩፕ የሚጣላበት ነገር አለ፣ የሚነገር ስለማይመስል ነው እንጂ። እኛ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ረቡዕና አርብ የሚጾም አለ፣ እና በየቦታው "የማን ሥጋ ቤት?" እየተባለ ለሁለት መከፈል ጊዜም ብርም ይበላል፣ ሆድም ያስብሳል። ስለዚ ሥጋን ጭራሽ ተውነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ምስር፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ከቤት ይዘን ሄድን፣ የፔንሲዮኗን ባለቤት ማዘር ትንሽ ከፍለናቸው ማታ ማታ ማዕድ ቤታቸው ውስጥ አበሰልን። እንጀራውን ከሳቸው ገዛን። አስራ ሦስታችንም፣ ሹፌራችንን ጨምሮ፣ አንድ ትሪ ከበን በላን። ለአራት ቀን ምግብ ያወጣነው አንድ ቀን ሆቴል ቢበላ ከሚወጣው ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛውን ቀን ወደ ዲንሾ ተመለስን። የፓርኩ ዋና ቢሮ እዛ ነው፣ መግቢያ የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚያዘውም እዛው ነው፣ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ሳነቴ ስትወጡ ትጠየቃላችሁ። ብር ያጠራችሁ ሰዎች ይሄን ስሙኝ፦ የቢሮው ግቢ ራሱ ጽድና ኮሶ የሞላበት ጫካ ነው፣ መኪና ሳያስፈልጋችሁ በእግር በሁለት ሰዓት ውስጥ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከቅርብ ታያላችሁ። ቀጥሎ ያለው የጋይሳይ ሜዳ ደግሞ ከአዳባ ወደ ዲንሾ በሚያስገባው አስፋልት ዳር ነው። በዚያ ከፍታ ቀኑን ስንንሸራሸር ዋልን፣ ማታ ዝቅ ብለን ጎባ አደርን። ለሳነቴ የተዘጋጀነው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ሳነቴ። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ወጣን፣ ከጎባ እንደወጣችሁ ጽዱ ያልቅና አስታ ይጀምራል፣ ከዛ አስታውም ያልቅና ድንገት ሜዳው ይከፈታል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ። በ2014 እዚሁ ቦታ ቆመን ምንም አላየንም ነበር። አስጎብኚያችን "ዝም በሉ" አለና ጠቆመን፣ ቀይ ቀበሮ፣ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ላይ፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። እኛን ዞር ብሎም አላየንም። ያች ታማ የነበረችው ጓደኛዬ እጄን ጨብጣ ታለቅስ ነበር። ቱሉ ዲምቱን እሷና ሁለት ልጆች ከታች ቀሩ፣ እኛ ወጥተን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንቆይ ወረድን፣ "ኑ" ብሎ የገፋፋ ሰው አልነበረም።

ከዛ ወደ ሐረና። ከውርጭ ወጥታችሁ ቁልቁል እየወረዳችሁ የጫካ ቡና የሚበቅልበት፣ ቀፎ ከዛፍ ላይ የተሰቀለበት ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ሪራ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ያኔ በታመመችው ጓደኛችን ደንግጠን የቆምንበት ቦታ አጠገብ።

እዛው ተቀምጠን አብሮ አደጌ መዝገቡን አወጣና ደመረ፣ ከመጠባበቂያው የጎማውም ወጪ ወጥቶ 1,300 ብር ተርፏል። ይመለስ ወይስ ምን ይደረግ ሲል ሁሉም ተያየ፣ ከዛ የሐረና ማር ገዛንበት። ትልቁን ለሹፌራችን ሰጠነው፣ የቀረውን በውሃ ላስቲክ ተካፈልነው፣ የኔ ድርሻ ገና አላለቀም።